የታሸገውን ፖስታ ወደ ስልክ ማምጣት፦ የጨረታ ዋጋ ማስገቢያ ፎርም ስሰራ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥር 5

ዛሬ ጀመርኩ። ስራውን የሰጠኝ ያገለገሉ መኪኖችና የጋራዥ ማሽኖች በጨረታ የሚሸጥ ቢሮ ነው። እስካሁን በታሸገ ፖስታ ብቻ ነበር የሚሰሩት፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ተጫራች ሰነድ ለመግዛት አንዴ፣ ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ለመጨመር አንዴ፣ ሲከፈት ለመገኘት ደሞ አንዴ ይመላለሳል፣ እና አሁን ባለበት ሆኖ ዋጋውን በዌብሳይታቸው እንዲያስገባ ይፈልጋሉ። ዌብሳይቱ አለ፣ የመኪኖቹ ፎቶ፣ ሎት ቁጥር (የእያንዳንዱ የሚሸጥ እቃ መለያ)፣ መነሻ ዋጋ ምናምን ይወጣበታል፣ የሌለው ፎርሙ ነው።

ዌብሳይት ላይ የሚገጠሙ ዝግጁ ፕለጊኖች አየሁ፣ ብዙ አሉ፣ ግን ያየኋቸው በሙሉ ለሐራጅ አይነት የተሰሩ ናቸው፣ ማለትም የሰው ዋጋ እየታየ እላዩ ላይ የሚጨመርበት። የኛ ማንም የማንንም ሳያይ ተጽፎ የሚታሸግ ነው። በሐራጅ ሰው ቢሳሳት ወዲያው ያየዋል፣ አጠገቡ ያለውም ይነግረዋል፣ በታሸገ ግን የጻፈው ስህተት እስኪከፈት ድረስ አብሮት ታሽጎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዜሮ ልሰራው ወሰንኩ።

ባለፈው ወር አንድ ጨረታ ሲከፈት ሄጄ ከኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። አንድ ሰውዬ በአሃዝ 1,250,000 ብሎ በፊደል "አንድ መቶ ሃያ አምስት ሺህ ብር" ብሎ ጽፏል። መመሪያቸው ላይ አሃዝና ፊደል ከተለያዩ የፊደሉ ይያዛል ይላል፣ ስለዚህ ከመነሻ ዋጋ በታች ሆነና ወደቀ። ከፍተኛውን ዋጋ ያቀረበው እሱ ነበር እኮ! ምንም አላለም፣ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ያ ሰውዬ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፣ ይሄ ፎርም ሌላ ምንም ባይችል ይሄን ማስቆም አለበት።

ጥር 7

ሙሉ ቀን በአንዲት ሳጥን ላይ አለቀ፣ ዋጋ የሚጻፍባት ሳጥን። መጀመሪያ የብራውዘሩን የቁጥር ሳጥን አደረግኩ፣ ከዛ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬው ደነገጥኩ፣ ቁጥሩን ጽፌ ገጹን ወደ ታች ላንሸራትት የማውሱን ጎማ ሳዞር ዋጋው በ1 በ1 እየቀነሰ ሄደ። ሰው ሳያውቅ የጻፈውን ዋጋ ቀይሮ ሊልክ ነው ማለት ነው። ደሞ ያቺን የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል እንደ ቁጥር ይቀበላል፣ የዜሮ ብዛት ማሳጠሪያ አድርጎ። አወጣሁት። አሁን ተራ የጽሁፍ ሳጥን ነው፣ ስልክ ላይ ግን የቁጥር ኪቦርድ ብቻ እንዲመጣ አድርጌዋለሁ፣ እየተጻፈም በየሶስት አሃዙ ኮማ ይገባለታል።

ብሩን ዳታቤዝ (መረጃው የሚከማችበት) ላይ በሳንቲም ነው የማስቀምጠው፣ ነጥብ የሌለው ሙሉ ቁጥር። ጃቫስክሪፕት (ገጹ የሚሰራበት የኮድ ቋንቋ) 0.1 እና 0.2 ደምርልኝ ስትለው 0.30000000000000004 ነው የሚልህ፣ እና ጨረታ ላይ ሁለት ሰው በሳንቲም የሚለያይበት ጊዜ አለ፣ እዛ ጋ በማሽን ምክንያት ሰው መሸነፍ የለበትም።

አንድ ጥያቄ ቀረ፦ "1.2 ሚሊዮን" ወይም "850ሺ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣስ? ለኔ ኮዱን መጻፍ ቀላል ነው፣ ግን የሰው ቃል መገመት አልፈልግም። 1.2 ያለው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ለማለት ነው ወይስ ነጥቧን እንደ ኮማ አድርጎ ሊቀጥል ነበር? አይገመትም። ሙሉ ቁጥሩን እንዲጽፍ ይጠየቃል፣ በቃ።

ጥር 8 ማታ

ከቁጥሩ ስር በፊደል የሚጽፈውን ኮድ ጨረስኩ። ተጫራቹ አሃዝ ሲጽፍ ወዲያው ከስሩ በትልቅ ፊደል "አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር" ይላል። ፊደሉን እሱ አይጽፍም፣ ያነበዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ ሊለያዩ አይችሉም።

ቀላል መስሎኝ ነበር ግን አማርኛ ቁጥር የራሱ ጠባይ አለው። 10 ብቻውን አስር ነው፣ ከኋላው ነገር ሲመጣ አስራ ይሆናል፣ ግን 10,000 አስር ሺህ ነው፣ 12,000 ደሞ አስራ ሁለት ሺህ። 100 በአፍ መቶ እንላለን፣ ቼክ ላይ ግን አንድ መቶ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ እኔ የቼኩን ወሰድኩ፣ ምክንያቱም ሰው ከፊት ቁጥር ካላየ "ስንት መቶ?" ይላል። 1,000,050 ላይ ኮዴ "አንድ ሚሊዮን ዜሮ ሺህ ሃምሳ" አለ፣ አስተካከልኩት። ለሳንቲሙ እንደ ቼኩ "ከ50/100" አደረግኩ። 60 ያህል ቁጥር በእጄ እየጻፍኩ እያነበብኩ አረጋገጥኩ፣ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር፣ ጆሮዋ ላይ ያልጣማትን ስትነግረኝ እያረምኩ።

ከነገ ወዲያ ከተራ ነው፣ ከጥምቀትና ከቃና ዘገሊላ በኋላ እመለሳለሁ።

ጥር 13

ሰዓት።

የቢሮው ጸሐፊ የሙከራ ጨረታ ከፈተች፣ መዝጊያ ሰዓቱ ላይ 8:00 ብላ ሞላች፣ ሁሉም የጨረታ ማስታወቂያ እንደዛ ነው የሚለው፣ "ከቀኑ 8:00 ሰዓት ተዘግቶ 8:30 ይከፈታል"። ሲስተሙ ደሞ ጠዋት 8 ሰዓት በፈረንጅ ብሎ ያዘው፣ ማለት በኛ ጠዋት 2:00፣ እና ቢሮው ገና ሳይከፈት ጨረታው ተዘጋ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድሞ! እውነተኛ ጨረታ ቢሆን ስንት ሰው ይቃጠል ነበር።

አሁን እንዲህ ነው፦ ጸሐፊዋ የምትሞላው በኛ አቆጣጠር ነው፣ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" ትመርጣለች፣ ዳታቤዙ ውስጥ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ይገባል (የኛ 8:00 ከሰዓት እዛ በፈረንጅ ጠዋት 11:00 ነው)፣ ለተጫራቹ ደሞ ሁለቱም ይታየዋል፣ "ከቀኑ 8:00 ሰዓት፣ በስልክዎ ሰዓት 2:00"። ከሱ በላይ የሚጠቅመው ግን የቀረው ጊዜ ነው፣ "3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቀርቷል" የሚለውን ማንም አይሳሳተውም። የቀረው ጊዜ የሚሰላው ከሰርቨሩ (ዌብሳይቱ ካለበት ኮምፒውተር) ሰዓት ነው፣ የሰው ስልክ ሰዓት 10 ደቂቃ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊሆን ይችላል።

ማታ የሚዘጋ ጨረታ ጨርሶ ከለከልኩ። ጥር 13 ሌሊት 7:00 ሲባል ለፈረንጁ ካላንደር ቀኑ ተቀይሯል፣ ለኛ ደሞ ገና አልነጋም፣ በዚህ ሰው ማጣላት አያስፈልግም። መዝጊያ ከጠዋት 3:00 እስከ ከሰዓት 11:00 ብቻ።

ካላንደሩስ? የዛሬ ብራውዘሮች ቀንን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየር ራሳቸው ይችላሉ፣ ለማሳየት በጣም አሪፍ ነው፣ ግን ቀን መምረጫው አሁንም የፈረንጅ ነው፣ ስለዚህ 13 ወር ያለው የራሴን ሰራሁ። ጳጉሜ 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው፣ 2015 ላይ ነበረች፣ 2019 ላይ ትመጣለች፣ ሁለቱንም ሞከርኳቸው ይሰራሉ።

ጥር 15

ስምና ስልክ፣ ቶሎ አለቀ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሶስት ሳጥን፣ ሲፒኦው (ተጫራቹ ለማስያዣ ከባንክ አሰርቶ የሚያመጣው የክፍያ ማዘዣ) ላይ እንደተጻፈው። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ ሲፈለግ አንድ እንዲሆን ለፍለጋው ብቻ ፊደሎቹን አንድ አድርጌያለሁ፣ የሰውየው ስም ግን እሱ እንደጻፈው ይቀመጣል። ስልክ 09 ብቻ የሚቀበል አሮጌ ኮድ ነበራቸው፣ 07 ያለው ሁሉ "የተሳሳተ ቁጥር" እየተባለ ሲመለስ ኖሯል፣ ጠፋ።

ጥር 17

እዚህ ጋ ቀስ ማለት አለብኝ፣ የስራው ልብ ይሄ ነው።

ጋሼ (የቢሮው ኃላፊ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው) ዛሬ ጠርተውኝ "ልጄ፣ ሰዉ ይሄን ካላመነ ማንም አያስገባም፣ ሳጥኑን ሁሉም ያየዋል፣ ያንቺን ኮምፒውተር ግን ማን ያያል?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ዋጋዎቹ ዳታቤዝ ላይ በግልጽ ከተቀመጡ እኔ ማየት እችላለሁ፣ ጸሐፊዋም ትችላለች፣ ከመዘጋቱ 10 ደቂቃ በፊት አንዱ ደውሎ "ስንት ደረሰ?" ማለት ይችላል። ማንም ባያደርገው እንኳን ማድረግ መቻሉ ራሱ ጨረታውን ያበላሸዋል።

ስለዚህ ዋጋው ከተጫራቹ ስልክ ሳይወጣ ይቆለፋል። ለየጨረታው ሁለት ቁልፍ ይሰራል፣ አንዱ መቆለፍ ብቻ የሚችል፣ ገጹ ላይ ለሁሉም የሚሰጥ፣ ሌላው መክፈት የሚችል፣ ሰርቨሩ ላይ የሌለ። ሊብሶዲየም የሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የመቆለፊያ ኮድ) ለዚህ የታሸገ ሳጥን የሚሉት ነገር አለው፣ ስሙም እንዴት እንደገጠመ። መክፈቻው ደሞ ለሶስት ይከፈላል፣ ለጋሼ፣ ለሂሳብ ሹሟ እና ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ በየፍላሻቸው፣ ከሶስቱ ሁለቱ ሲገናኙ ይከፍታሉ፣ አንዱ ብቻውን ግን ምንም አይችልም። አከፋፈሉን አዲ ሻሚር የሚባል ሰው በፈረንጅ 1979 ነው ያወጣው። ለጋሼ ሳስረዳ የቤተክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ቁልፉ ለተለያየ ሰው እንደሚሰጠው ነው ስላቸው ወዲያው ገባቸው፣ "እንደሱ ከሆነ ይሁን" አሉ።

ግን ዋጋ አስከፈለኝ። ሰርቨሩ ዋጋውን ማየት ስለማይችል ከመነሻ ዋጋ በታች መሆኑን ማጣራት አይችልም። ስልኩ ላይ እናጣራለን፣ ሆኖም ፎርሙን ጎርጉሮ አልፎ የሚልክ ቢኖር የምናውቀው ሲከፈት ነው። ብዙ አሰብኩበት። ወረቀቱም እኮ እንደዚሁ ነበር፣ ሳጥን ውስጥ የገባ ፖስታ ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም፣ ሲከፈት ይወድቃል። ምስጢሩን መረጥኩ።

ጥር 18

ትናንት ቆልፌዋለሁ ያልኩት አልተቆለፈም ነበር።

የተቆለፉትን መልዕክቶች ርዝመት ሳይ 950,000 ያስገባው እና 1,050,000 ያስገባው በአንድ ባይት (ለአንድ አሃዝ የሚበቃ ቦታ) ይለያያሉ። መቆለፊያው የሚጨምረው ሁሌም 48 ባይት ነው፣ ስለዚህ ርዝመቱን ያየ ሰው ዋጋው ስንት አሃዝ እንደሆነ ያውቃል፣ ማለትም ሚሊዮን ማለፉን አለማለፉን። ልክ ፖስታን ወደ ብርሃን አንስቶ እንደማየት። አሁን ሁሉም ከመቆለፉ በፊት በባዶ ተሞልቶ 256 ባይት ይሆናል፣ 10 ብር ያስገባም 10 ሚሊዮን ያስገባም የሚወጣው 304 ነው።

ሌላው የደረሰኙ ኮድ። ተጫራቹ ሲያስገባ ኮድ ይሰጠዋል፣ ሲከፈት ያንኑ ኮድ ዝርዝሩ ላይ ያገኘዋል፣ ፖስታዬ አልተቀየረም ብሎ ያረጋግጣል። መጀመሪያ ኮዱን ከዋጋው ላይ በሻ 256 (ማንኛውንም ጽሁፍ ወደ ኋላ የማይመለስ ኮድ የሚያደርግ ስሌት) ነበር የማወጣው፣ ማታ ግን እስኪ ልሞክረው ብዬ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ያለውን እያንዳንዱን ብር አስልቼ ሳወዳድር ላፕቶፔ በሰከንዶች ዋጋውን አገኘው። ወደ ኋላ አይመለስም የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ሊሆኑ የሚችሉት ዋጋዎች ጥቂት ከሆኑ መመለስ አያስፈልግም፣ ሁሉንም ሞክሮ መድረስ ነው። አሁን ኮዱ የሚወጣው ከተቆለፈው ነው፣ እሱ ደሞ ያው ዋጋ ሁለቴ ቢቆለፍ እንኳን የተለያየ ይሆናል። 12 አሃዝ ቁጥር ብቻ አደረግኩት፣ በስልክ ለማንበብ እንዲመች።

ኤስኤምኤሱም ላይ ዋጋው አይጻፍም። በአማርኛ ፊደል የሚላክ ኤስኤምኤስ 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው፣ በላቲን ከሆነ 160፣ እሱን ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። "ዋጋዎ ደርሷል። ሎት 7፣ 7:52 ሰዓት። ኮድ 482719360574" በአንዱ ይገባል።

ጥር 20

ሁሉን አሽጌ ጨርሻለሁ ብዬ የጨረታ ሰነዱን ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። "ተጫራቾች ካቀረቡት ዋጋ 10% ሲፒኦ ማስያዝ አለባቸው።"

ካቀረቡት ዋጋ! ሲፒኦው በግልጽ ነው የሚገባው፣ ጸሐፊዋ ትመዘግበዋለች፣ 130,000 ያስያዘ ሰው 1,300,000 እንዳስገባ ለማወቅ ምን ቁልፍ ያስፈልጋል? የኔ መቆለፊያ ሁሉ በዚህች መስመር ዋጋ አጣ። በወረቀቱ ጊዜ ሲፒኦው እዛው ፖስታ ውስጥ ስለሚታሸግ ችግር አልነበረውም፣ ለየብቻ ሲገባ ነው ምስጢሩን የሚያወጣው።

ሮጥ ብዬ ጋሼ ጋ ሄድኩ፣ የሎቱ መነሻ ዋጋ 25% ይሁን አልኳቸው፣ ለሁሉም ተጫራች እኩል የሆነ ቁርጥ ብር። ባንኮች በአዋጅ 97/90 በዋስትና የያዙትን ንብረት ሲሸጡ በሚያወጡት ማስታወቂያ ላይ የመነሻ ዋጋው 1/4ኛ ሲፒኦ ሲባል ሰዉ ስላየ አዲስ አይሆንበትም። ትንሽ አሰቡና "25 በዝቷል፣ ለትንሹ ሰው ይከብደዋል" ብለው የመነሻ ዋጋው 15% አሉ። ተስማማን፣ ሰነዱ ተቀየረ። ከዚህ ሁሉ ኮድ ይልቅ ትልቁ ስራ ይሄ አንድ መስመር መቀየሩ ይመስለኛል።

ጥር 23

ኔትወርክ። ሰው የሚያስገባው መጨረሻ ደቂቃ ላይ ነው፣ ሁሌም። ስለዚህ ከባዱ ነገር መጀመሪያ ማለቅ አለበት፦ መታወቂያ፣ ሲፒኦ ፎቶ፣ ሁሉም ቀደም ብሎ ገብቶ ይጸድቃል። ፎቶው ስልኩ ላይ ተቀንሶ ነው የሚላከው፣ 5 ሜጋ የነበረው 300 ኪሎባይት አካባቢ ይመጣል። መጨረሻ የሚቀረው ዋጋው ብቻ ነው፣ ያቺ 304 ባይት፣ እሷ ደሞ በደካማ 2ጂም ታልፋለች።

"ደርሷል" የሚለው ቃል ሰርቨሩ መዝግቦ ሳይመልስ አይወጣም። እስከዛ "እየላክን ነው" ነው የሚለው፣ ካቃተ "አልደረሰም፣ እንደገና ይጫኑ" ይላል። ገጹ ሲከፈት አንድ የራሱ መለያ ቁጥር ይይዛል፣ ሰው ኔት ሲቆይበት ተጨንቆ 5 ጊዜ ቢጫንም በዚያው መለያ ስለሚመጣ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ያው ኮድ ይመለስለታል።

ዋጋ መቀየር ከመዘጋቱ በፊት ይፈቀዳል። ወረቀት ላይ ስርዝ ድልዝ ያለበት ይወድቃል፣ እዚህ ስርዝ ድልዝ የለም፣ አዲስ ፖስታ ነው የሚገባው፣ የድሮው ሳይጠፋ "የተተካ" ተብሎ ይቀመጣል።

ጥር 26

አጎቴን አስሞከርኩት። ቄራ ጋ ጋራዥ አለው፣ ከ20 ዓመት በላይ ማሽንና መኪና በጨረታ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው፣ መነጽሩን አጥልቆ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ ጀመረ። ቁጥሩን ጻፈ፣ ከስሩ ያለውን ፊደል በአፉ አነበበ፣ ቆመ፣ እንደገና አነበበ። "ይሄ ነው እኮ ሰው የሚያጣው፣ የጻፈውን አያነብም" አለኝ።

ከዛ ቆጣ ያለበት ነገር መጣ። ስልክ ቁጥሩ ላይ አንድ አሃዝ ጎደለበት፣ ፎርሙ በቀይ "ተሳስተዋል" አለው። "ስሚኝ ልጄ፣ ሚሊዮን ብር ሊሰጥ የመጣን ሰው ተሳስተሃል አይባልም።" ቃላቶቹን ሁሉ አብረን ቁጭ ብለን ቀየርናቸው፦ "ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል፣ እባክዎ ይዩት።" ምን እንደጎደለ ይናገራል፣ ሰውየውን አይናገርም።

ሲጨርስ ጨዋታ አመጣ፣ አንዴ ኮምፕሬሰር ሁለተኛ ከወጣው በ90 ሺህ ብር በልጦ እንደገዛ፣ እስከዛሬ እንደሚቆጨው። ይሄን ነገር ዊሊያም ቪክሪ የሚባል ኢኮኖሚስት በፈረንጅ 1961 ጽፎበታል፣ አሸናፊው የራሱን ሳይሆን የሁለተኛውን ዋጋ ቢከፍል ሰው የሚችለውን እውነተኛ ዋጋ ለመጻፍ አይፈራም የሚል ነው፣ በ1996 ኖቤል ተሸልሟል። ለጋሼ አንስቼላቸው ነበር፣ "ለባለንብረቱ ከፍተኛውን ትቼ ሁለተኛውን ተቀበልኩ ብዬ ልንገረው?" አሉኝ። እኔ አሁንም ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ጨረታው የሳቸው ነው።

የካቲት 4

የመጀመሪያው እውነተኛ ጨረታ ተከፈተ። 3 ሎት፣ አንድ ፒካፕ፣ አንድ ሊፍት፣ አንድ ጄኔሬተር። በድምሩ 23 ዋጋ ገብቷል፣ 9ኙ ከመዘጋቱ በፊት ባሉት 5 ደቂቃዎች። አንዱ 8:00 ካለፈ ከ4 ሰከንድ በኋላ ደረሰ፣ አልተቀበልነውም፣ ደውሎ "ከዚያ በፊት ነው የተጫንኩት" አለ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ያው ህጉ ሰርቨሩ ጋ የደረሰበት ሰዓት ነው የሚለው። ከልቤ አዘንኩ። ለሚቀጥለው፣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ገጹ ላይ በትልቁ "የሚቆጠረው የሚደርስበት ሰዓት ነው፣ አሁን ያስገቡ" የሚል አስገብቻለሁ።

8:30 ላይ ጋሼና ሂሳብ ሹሟ ፍላሻቸውን ሰኩ፣ ስክሪኑ ግድግዳው ላይ ነበር፣ የመጡት ተጫራቾች እያዩ ዋጋዎቹ አንድ በአንድ ተነበቡ፣ በአሃዝም በፊደልም። ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ኮዳቸውን ከስክሪኑ ጋር ሲያስተያዩ አየሁ። አንድ ዋጋ ከመነሻው በታች ሆኖ ወጣ፣ ተነበበ፣ ወደቀ፣ ታለፈ።

ፎርሙ ላይ የቀረኝ የሲፒኦ ተመላሽ ነው። ያላሸነፉት ነገ ጠዋት 3:00 ይመጣሉ፣ ሦስቱ ግን ክፍለ ሀገር ናቸው፣ ለአንድ ወረቀት ደግመው ሊመጡ አይገባም። ማን ይወስድሎታል የሚል የወኪል ስምና ስልክ ሳጥን ዛሬ ማታ እጨምራለሁ፣ ለነዚህ ለሦስቱ ግን ራሴ ደውዬ እጠይቃለሁ።